ማደሪያሽን ያዢ፣ መንገዱ ይደርሳል

ልጄ፣ እናትሽ ለመስቀል እንደምትደርስና ይዘሻት የባሕሩን ዳርቻና የወይኑን አገር ልታሳያት እንዳሰብሽ ስሰማ ደስ ብሎኛል። የላክሽልኝ እቅድ ግን አላማረኝም። በአራት ቀን ውስጥ ቢግ ሰርን፣ ሳን ፍራንሲስኮን፣ ሜንዶሲኖን፣ ሶኖማንና ናፓን ደርድረሻል፤ በዚህ አያያዝ እናትሽ የምታየው የመኪናውን መስኮት ብቻ ነው። እኔ ከኦክላንድ ወደ ሰሜን እንግዳ በቫን ሳመላልስ ነው ጉልበቴን የጨረስኩት፤ መንገዱን ከነጠመዝማዛው አውቀዋለሁ። የምመክርሽን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ዓመቱም ሰዓቱም በፈረንጁ ነው። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ አንብቡት።

1. መጀመሪያ ማደሪያውን ወስኚ። ብዙ ሰው የሚያየውን ቦታ ይደረድርና ማደሪያውን ሲመሽበት ይፈልጋል። በባሕሩ ዳር ከቦዴጋ ቤይ ወደ ሰሜን ይህ አይሆንም፤ ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሆቴሉ ጥቂት ነው፣ መንገዱም ከመሸ በኋላ ለማያውቀው ሰው አይመከርም። ስለዚህ ሦስት ሌሊት ያዢ፤ ሁለቱን ሜንዶሲኖ፣ አንዱን የወይኑ አገር ካሊስቶጋ። ሜንዶሲኖ ሁለት ሌሊት ካደራችሁ እናትሽ ሻንጣዋን አንድ ጊዜ ትፈታለች፣ በማግስቱም ረጅም መንገድ ሳትቀመጥ ትውላለች። ያን ሁሉ ሰዓት በአውሮፕላን ታጥፋ ለመጣች ሴት ከዚህ የሚበልጥ ግብዣ የለም። ሜንዶሲኖ ከተወደደብሽ ፎርት ብራግ 10 ማይል ያህል ወደ ሰሜን ነው፣ ክፍሉም ረከስ ይላል።

ቢግ ሰርን ለሌላ ጊዜ ተይው። እሱ ወደ ደቡብ ነው፣ ያንቺ መንገድ ወደ ሰሜን። ደግሞም ተራራው በየጊዜው እየተናደ መንገዱን ይዘጋዋል፤ በ2017 አንድ ናዳ የዘጋው ስፍራ ለመኪና የተከፈተው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

2. ከመስቀል በኋላ፣ ከጽጌ ጾም በፊት ሂዱ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰው ሁሉ የሚወጣበት ጊዜ ቢሆንም ባሕሩ በጉም ተሸፍኖ የሚውልበት ነው። ወደ ውስጥ 30 ማይል ስትገቢ የወይኑ አገር በሙቀት ሲቃጠል ዳርቻው ላይ ሹራብ ያስለብሳል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ። መስከረም መጨረሻ ላይ ግን ጉሙ ይገፈፋል፣ ባሕሩ ይታያል፣ ወይኑም እየተለቀመ ነው። እናትሽ ደመራውን እዚህ ከሕዝቡ ጋር ታክብር፤ መስቀል ሴፕቴምበር 27 ነው። ጽጌን እንደምትጾም አንቺም ታውቂያለሽ፤ እሱ ኦክቶበር 6 ይገባል። በመሃሉ ያለችው ሳምንት ያንቺ ናት።

ሰኞ ውጡና ሐሙስ ግቡ። ዓርብና ቅዳሜ እነዚያ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ከሁለት ሌሊት በታች አያከራዩም፣ ዋጋውም ሌላ ነው። አሁኑኑ አስይዢ፤ የለቀማ ወቅት ስለሆነ ካሊስቶጋ ቀድሞ ይሞላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ይህ ወቅት የቃጠሎም ወቅት ነው። በ2017 ኦክቶበር ላይ ከካሊስቶጋ አጠገብ የተነሳ እሳት በአንድ ሌሊት ተራራውን ተሻግሮ ሳንታ ሮዛ ገብቶ ስንቱን ቤት አመድ አድርጎታል፤ ሰውም በልቷል። ስለዚህ ስታስይዢ መሰረዝ የሚፈቅድና ገንዘብ የሚመልስ ውል ምረጪ፣ ትንሽ ቢያስጨምርም። ከመነሳትሽ በፊት በነበሩት ቀናት የአየሩን ሁኔታና ጭሱን ተከታተይ። ቀይ ማስጠንቀቂያ ከወጣና ነፋሱ ከበረታ የካሊስቶጋውን ሌሊት ሰርዢና ሜንዶሲኖ ሦስተኛ ሌሊት እደሩ።

3. ወደ ሰሜን ስትሄጂ በባሕሩ መንገድ ውጪ፣ ስትመለሺ በወይኑ መንገድ ውረጂ። መጽሐፎቹ ተቃራኒውን ነው የሚመክሩት፤ ሃይዌይ 1ን ከሰሜን ወደ ደቡብ ከነዳሽው ባሕሩ በቀኝሽ ስለሚሆን ለማየትም ለመቆምም ይመቻል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን እናትሽን አውቃታለሁ፤ ጎጃም ስንወርድ የዓባይን በረሃ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታልፈው። ወደ ሰሜን ስትነጂ በተራራው ጥግ ነሽ፤ ገደሉ ከወዲያኛው መስመር ባሻገር ነው። ያ አንድ መስመር ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ከፊት አስቀምጫት። ከጄነር በላይ መንገዱ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያዞረዋል። የተቆረጠ ሎሚ በላስቲክ ያዢላት፣ ታሽትት። ልጅሽ ገና ሦስት ዓመቱ ስለሆነ ከነመቀመጫው ከኋላ ይታሰር፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ይህን ያዛል። አንቺ ከአጠገቡ ሁኚ። ቁርስ አታብዙለት።

ባለቤትሽ ደግሞ ከኋላው የተከተለውን መኪና አይፍራ፣ አይሽቀዳደም። በባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ቀርፋፋ መኪና አምስት መኪና ከኋላው ካስከተለና ማለፊያው አስጊ ከሆነ፣ በመጀመሪያው መቆሚያ ወጥቶ ማሳለፍ በሕግ ግዴታው ነው። ይውጣ፣ ያሳልፍ፣ ይመለስ። የአገሬው ሰው በእጁ እያመሰገነ ያልፋል።

4. ሰኞ ጠዋት በ7 ሰዓት ውጡ። በሪችመንድ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ በ101 እስከ ፔታሉማ፣ ከዚያ ወደ ቦዴጋ ቤይ። ፔታሉማ ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ ወደ ላይ ማደያው ይሳሳል፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። ካርታውን ቤት ሳለሽ ስልክሽ ላይ አውርጂ፤ ከጄነር በኋላ ኔትወርክ ለረጅም ሰዓት ይጠፋል። የሆቴሉን ስልክና አድራሻ በወረቀት ጻፊና ለእናትሽ ስጫት፣ በቦርሳዋ ትያዘው።

ከቦዴጋ ቤይ እስከ ሜንዶሲኖ 100 ማይል ያህል ነው። ሳትቆሙ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ እናንተ ግን ቆማችሁ ነው የምትሄዱት። ጄነር ጋ የሩሲያ ወንዝ ባሕር የሚገባበትን ከላይ ሆናችሁ እዩ፤ አሸዋው ላይ የተጋደሙት የባሕር እንስሳት ለልጁ ይበቁታል።

ረጅሙ ቆይታችሁ ግን ፎርት ሮስ ይሁን። ይህን የምለው ስለ እናትሽ ነው። ሩሲያውያን በ1812 ከአላስካ ወርደው ካሻያ የተባሉት የአገሩ ተወላጆች በሚኖሩበት ምድር የሠሩት የእንጨት ምሽግ ነው፤ እስከ 1841 ኖረውበታል፣ ስንዴም ወይንም ተክለውበታል። በምሽጉ ጥግ ትንሽ የኦርቶዶክስ ጸሎት ቤት አለች። የመጀመሪያዋ በ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀች፣ እንደገና የተሠራችው በ1970 ተቃጠለች፣ አሁን ያለችው ከዚያ በኋላ የቆመችው ናት። ግድግዳዋ ያልተቀባ ቀይ እንጨት ነው፣ ውስጧ ጨለም ያለ፣ ከጣሪያዋ ላይ መስቀል። የሩሲያ መስቀል የእግር ማሳረፊያ የምትመስል አግድም እንጨት ስላለችበት እናትሽ ትጠይቅሻለች። ነጠላዋን በሻንጣ ውስጥ አትቅበሪው፣ እጇ ላይ ይሁን። ገብታ ትሳለም፣ ትቁም፤ አታስቸኩሏት። ከአሥመራና ከአዲስ አበባ መጥተው እዚያች በር ላይ ያለቀሱ እናቶችን አይቻለሁ። ከመውጣታችሁ በፊት የመክፈቻ ቀንና ሰዓቱን አረጋግጪ።

ፖይንት አሬና ላይ የመርከብ መብራቱን ማማ ከሩቅ ማየት ይበቃል። በ1870 የተሠራው በዚያው በ1906 መንቀጥቀጥ ስለተጎዳ የአሁኑ በ1908 የቆመ ነው። ደረጃውን መውጣት የሚፈልግ ባለቤትሽ ብቻ ይውጣ። ሜንዶሲኖ ከ5 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ግቡ፤ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትገባው በ7 ሰዓት ገደማ ነው፣ ወጥ ቤቶቹም ቀድመው ይዘጋሉ።

5. ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ውኃ ሲያምር እንቀርበዋለን። የሰሜን ካሊፎርኒያ ባሕር የመዋኛ አይደለም፤ ውኃው በበጋም ቢሆን እጅና እግር ያደነዝዛል። ከሁሉ የሚከፋው ረጋ ብሎ ቆይቶ ድንገት ከሌሎቹ በላይ ርቆ የሚወጣው ማዕበል ነው፤ ደረቅ አሸዋ ላይ የቆመን ሰው እግሩን አንሥቶ ይወስዳል። ለፎቶግራፍ ብሎ ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚቆም ሰው አልፈልግም። የልጁ እጅ ከእጅሽ አይውጣ። ፎቶውን ከላይ ከመንገዱ አንሡ፤ እዚያም ይበልጥ ያምራል።

6. ስታስይዢ ደውለሽ ጠይቂ፣ ድረ ገጹን ብቻ አትመኚ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው ወይስ ደረጃ አለው? የሜንዶሲኖ ማደሪያዎች ብዙዎቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ቤቶች ስለሆኑ ደረጃቸው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ የእናትሽ ጉልበት አይችለውም። ልጅ ይቀበላሉ? የማይቀበሉ አሉ። ሁለት ክፍል የሚያገናኝ በር አለ? ታክሱና የጽዳቱ ክፍያ ሲደመር ስንት ይመጣል? የመጀመሪያው ዋጋና የመጨረሻው በጣም ይራራቃሉ።

እኔ ብሆን ሜንዶሲኖ ላይ ማብሰያ ያለው ትንሽ ቤት እከራያለሁ። ሽሮዋን ማታ ታንፈቀፍቃለች፣ እሮብም ስለምትጾም ለመንገድ ይዛው አትቸገርም። ቡና ግን ቤት ውስጥ እንዳትቆሉ! ጭሱ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ያስጮኸዋል፣ ዕጣንም እንደዚያው፤ ለሽታውም የጽዳት ገንዘብ የሚቆርጡ አሉ። እዚህ ቆልተሽና ፈጭተሽ በጣሳ ያዢ፣ ጀበናዋንና ስኒዎቹን በፎጣ ጠቅልዪ። ጠዋት በረንዳው ላይ ባሕሩን እያየች ከአቦል እስከ በረካ ትጠጣ።

7. ስለ ምግብ ብዙ አልልም። በዚያ ዳርቻ የሚወደሰው ኦይስተርና ክራብ ነው፤ እናትሽ አትነካውም፣ አታስገድጃት። እንጀራውን ከኦክላንድ ያዢ፣ ወደ ላይ ማግኘቱ ያስቸግራል። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ውኃ። የግፊት መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይሁን። ስትመጣ የጉዞ ጤና መድኅን እንድትገዢላት ነግሬሻለሁ፤ ካርዱን ያዢው። ፎርት ብራግ ሆስፒታል አለ።

8. ማክሰኞ ረጅም መንገድ አታቅዱ። ከተማዋን የከበበው የገደሉ ሜዳ የመንግሥት ፓርክ ነው፤ መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ እናትሽ ቀስ ብላ ትራመድበታለች። ከሰዓት በኋላ ፎርት ብራግ ሂዱና ባሕር ዳር ያለውን የዕፅዋት ማሳያ ግቡ። አበባ የምትወድ ሴት ነች፤ ግማሽ ቀን ትውልበታለች። ልጁን ግላስ ቢች ውሰጂው። ድሮ የከተማው ቆሻሻ የሚጣልበት ነበር፤ የተሰበረው ጠርሙስ በማዕበል እየተፋተገ እንደ ዶቃ ለስልሶ ቀርቷል። ማንሣት ክልክል ነው፣ ኪሱን ፈትሺው።

9. እሮብ በሃይዌይ 128 ወደ ውስጥ ግቡ። ናቫሮ ወንዝ ጋ ባሕሩን ትታችሁ ስትታጠፉ በሁለቱም ወገን ሬድዉድ የሚባለው ረጅም ዛፍ ይቀበላችኋል፤ ቀትር ላይም የመኪና መብራት ያስበራል። ፊሎ አጠገብ ሄንዲ ዉድስ የሚባል ፓርክ አለ። ውስጡ ለተሽከርካሪ ወንበር እንኳ የሚመች አጭር ደልዳላ መንገድ ተሠርቷል፤ እናትሽን እዚያ አስገቢያት። የጥድና የዝግባ ደን አይታ ያደገች ናት፣ ግን ቁመቱ 90 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ሥር ቆማ አታውቅም። ግንዱን ለአራት ያዙላት፣ አይሞላም።

ከዚያ አንደርሰን ቫሊ ነው፤ ፒኖ ኗርና ጌቩርትስትራሚነር የሚበቅልበት፣ ከናፓ ይልቅ ጸጥ ያለ ሸለቆ። ቡንቪል ላይ ነዋሪዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለብቻቸው የፈጠሩት እንደ አራዳ ቋንቋ ያለ ንግግር ነበራቸው፣ አሁን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከአንዱ ወይን ቤት አንድ ጠርሙስ ግዙና ሳትከፍቱ ሂዱ። ክሎቨርዴል እስክትደርሱ ከሜንዶሲኖ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ኔትወርኩ እዚያ ስለሚመለስ ደውይልኝ። ያው 128 ጋይዘርቪልንና አሌክሳንደር ቫሊን እያቋረጠ በሌላ አንድ ሰዓት ካሊስቶጋ ያደርሳችኋል።

10. ወይኑን የምትጠጡት መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ይህ ከሁሉ የበለጠ የማሳስብሽ ነው፤ ነገር ባስረዝምብሽ ታገሽኝ።

ቅምሻ ሲባል ትንሽ ይመስላል። በየብርጭቆው የሚቀዱልሽ ጠብታ ነው፤ ግን አምስቱ ሲደመሩ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወይን ናቸው፣ አንዳንዱም ቤት ያበዛል። ሁለት ቤት ከገባሽ ሁለት ብርጭቆ፣ ሦስት ከገባሽ ሦስት። የዚያ አገር ዚንፋንዴል ደግሞ አልኮሉ 15 በመቶ የሚደርስ አለ። በካሊፎርኒያ ሕጉ 0.08 ነው፤ ከዚያ በታች ሆነሽም መንዳትሽ ከተበላሸ መታሰር አለ። ባለቤትሽ ለዜግነት አመልክቷል። አንዲት ሌሊት የተያዘ ሰው ፋይሉ ላይ ምን ያህል መዘዝ እንደሚያመጣ እዚህ ያለነው ሁሉ እናውቃለን። የእኛ ልጅ በቅምሻ ምክንያት ጠበቃ ሲያቆም ማየት አልፈልግም። የተከፈተ ጠርሙስም በመኪናው ውስጥ አይቀመጥ፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይግባ።

ለዚህ ነው ካሊስቶጋን የመረጥኩልሽ። ዋናው መንገድ ሊንከን አቬኑ ላይ የቅምሻ ቤቶች ስላሉ ከሆቴላችሁ በእግር ትደርሳላችሁ፤ ሆቴሉን ስትመርጪ ለዚያ መንገድ የቀረበውን ያዢ። እሮብ ወደ ማታ መኪናውን አቁማችሁ አንድ ቤት ብቻ ግቡ። ቀጠሮ አስይዢ፣ ለአንድ ሰው የሚከፈለውን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ናፓ ላይ ርካሽ የለም። እናትሽ ካልቀመሰች መክፈል ይኖርባት እንደሆነም ጠይቂ።

ጣፋጩን አክሱማይት የለመደ አፍ ደረቁን ቀይ ወይን ሲቀምስ ኮምጣጤ ይመስለዋል። በነጩ ጀምሩ፣ መጀመሪያ አሽትቱ፣ ቀይ ከሆነ ፒኖ ኗር ይቅደም፣ ካበርኔው ይከተል። የሚተፉበት ዕቃ ይቀርብላችኋል፤ እኛ ዘንድ የቀረበልንን መድፋት ነውር ነው፣ እነሱ ዘንድ ግን አዋቂዎቹ ራሳቸው ይተፋሉ። አትፈሩ። የማታው ጠርሙስ ያ ከአንደርሰን ቫሊ የገዛችሁት ነው፤ በመኪና ሙቀት እንዳይበላሽ ቀን ከነበረበት መቀመጫ ሥር አውጥታችሁ ወደ ክፍል አስገቡት።

በ1976 ፓሪስ ላይ ፈረንሣውያን ዳኞች ስሙን ሳያዩ ቀምሰው ከራሳቸው ወይን ያስበለጡት ነጭ ወይን ሻቶ ሞንተሌና የዚያችው የካሊስቶጋ ነው፤ የጠመቀው ማይክ ገርጊች ከክሮኤሺያ የመጣ ስደተኛ ነበር። ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ደስ ይለዋል። በሌሊት በመብራት የሚለቅሙት ደግሞ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ልጆች ናቸው። ጠዋት ወይን የጫነ መኪና ከፊታችሁ ቢያዘግም ጥሩምባ አትንፉበት፤ የሌሊት ሠራተኛ ነው።

11. ሐሙስ ጠዋት የእናትሽ ነው። ካሊስቶጋ የፍል ውኃ ከተማ ናት፤ መዋኛው ከምድር በሚፈልቅ ሙቅ ውኃ የተሞላ ሆቴል ያዢላት። ፍል ውኃ አጠገብ ያደገች ሰው ከወይኑም ከባሕሩም ይልቅ ይህን ነው አገር ቤት የምታወራው። ግፊት ስላለባት በጣም ከሚፋጀው ትራቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ገብታ ትውጣ፣ ውኃ ትጠጣ፤ ሐኪሟንም አስቀድማ ትጠይቅ።

12. ስትመለሱ ሃይዌይ 29ን ትታችሁ ሲልቨራዶ ትሬልን ያዙ፤ ከወይኑ እርሻ መሃል የሚያልፍ፣ መብራትም መኪናም ያነሰበት ነው። ናፓን ከ2 ሰዓት በፊት ካላለፋችሁ ከሥራ የሚወጣው ሰው ያስቀራችኋል። በቫሌሆ በኩል በካርኪኔዝ ድልድይ ስትገቡ ወደዚህ የሚከፈል የለም፤ የከፈላችሁት ሰኞ ሪችመንድ ላይ ነው። መኪናው የኪራይ ከሆነ የራሳችሁን የድልድይ መክፈያ ፋስትራክ አስገቡ፣ ኪራይ ቤቱ በድልድዩ ላይ የራሱን ይጨምራል። ኦክላንድ ስትደርሱ ወደ ቤት አትሂዱ፣ ሐሙስ ፍስክ ስለሆነ ዶሮው እኛ ጋ ይሠራል።